ሞግዚት ወይስ አሳዳሪ? ለአንድ ወጣት ተርጓሚ

ሰሞኑን የልጆች ሞግዚት የሾመ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ጣሊያንኛ የሚተረጉም አንድ የሐዋሳ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ሞግዚትን በጣሊያንኛ ቱቶሬ ብዬዋለሁ፣ ልክ ነው አይደል?» ይላል። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔም ይህንኑ ቃል ጽፌዋለሁ።

1999 ዓ.ም. ነው። የትርጉም ቢሮዬ እዚሁ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነበር። ጣሊያን አገር የምትሠራ ሴት የሟች እህቷን ልጆች ይዛ መጣች። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ 11። ፍርድ ቤቱ አክስትየዋን አሳዳሪ፣ አጎታቸውን ደግሞ ሞግዚት አድርጎ ሾሟል። አጎትየው አቶቴ ሰፈር ያለውን የእናታቸውን ቤት እያከራየ ገንዘቡን ለልጆቹ እንዲይዝ፣ አክስትየዋ ደግሞ ልጆቹን እንድታሳድግ ነው። እሷም ወደ ጣሊያን ልትወስዳቸው ፈለገች። እዚያ በአሳዳጊ ሥር ያለ ልጅ ቤተሰብ ሲገናኝ እንደ አብራክ ልጅ ይታያል፣ ግን ማመልከቻው ሲገባ 18 ዓመት መሙላት የለበትም።

ልጅቷ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቆማ የወንድሟን ስም ፊደል በፊደል ስታይ ትዝ ይለኛል። የልደት ቀኑን አንድ ቁጥር ስቼ ነበር፣ እሷ አገኘችው። የራሷን ግን ዞር ብላም አላየችው።

እኔ ሁለቱንም ሹመት ቱቶሬ ብዬ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላቴ እንደዚያ ነው የሚለው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በእኛ ሕግ፣ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ፣ አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት ይጠብቃል፣ ሞግዚት ደግሞ በገንዘብና በንብረት ጉዳይ ልጁን ይወክላል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህን አልለወጠም። የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 357 ግን ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ሰውየውም ቱቶሬ ይባላል። ስለዚህ እዚያ ያሉት ሰዎች ወረቀቴን ሲያነቡ እኩል ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች አዩ። የሁለተኛው ስምምነት የታለ ብለው መለሱት።

አስተካክዬ እንደገና ተረጎምኩ፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ በዚህ የተካካስን መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ እንደገና ውልና ማስረጃ፣ እንደገና ውጭ ጉዳይ፣ እንደገና ኤምባሲ ዞረ። አዲስ ማመልከቻ ሲገባ ልጅቷ 18 ሞልቷታል። ወንድሟ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ጋሼ» ብላ ትስመኛለች። በማን ስህተት እንደቀረች አልነገርኳትም።

ጣሊያንኛ የጀመርኩት አስመራ ያደገ አንድ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካርታ፣ ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ነው ሲለኝ ቋንቋው ግማሹ ቤቴ ያለ ይመስለኝ ነበር። ያ ድፍረት ነው በኋላ የጎዳኝ። የቤት ካርታን ካርታ ብላችሁ ብትጽፉ ጣሊያኑ መጀመሪያ የሚገባው ወረቀት ነው። ይዞታ ማረጋገጫን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የፕሮፕሪኤታ፣ ማለትም የባለቤትነት፣ ሰነድ ስትሉት አያለሁ። መሬቱ እኮ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የግል አይደለም፣ የሰውየው ቤቱ ብቻ ነው። ፖሴሶ ማለትም አያዋጣም፣ በእነሱ ሕግ ፖሴሶ ነገሩን በእጅ አድርጎ እንደ ባለቤት መጠቀም ነው፣ ወረቀት ኖረም አልኖረም። በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት የመያዝ መብት ዲሪቶ ዲ ሱፐርፊቼ ይባላል፣ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው፣ እኔ ግን እሱንም አልጽፍም። ሰነዱ የሚሰጠውን መብት በአንድ ዓረፍተ ነገር እገልጻለሁ።

ተርጓሚ ይተርጉም እንጂ አያብራራ እያልኩ ስንቱን ልጅ ተቆጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ይኸው አብራሩ እያልኩ ነው። አሳዳሪንም ሞግዚትንም በአማርኛ ድምፃቸው ጻፉና ከሥር በተርጓሚ ማስታወሻ የየትኛው ሥልጣን ምን እንደሆነ ተናገሩ። በሰፈር ቋንቋ ሞግዚት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ መሆኗንም አትርሱ፣ የትርጉም ማሽኑ አንዳንዴ ያንን ያመጣላችኋል።

የዛሬ ልጆች ፍጥነታችሁ ያስፈራኛል። አስር ገጽ ውሳኔ በአምስት ደቂቃ ታወጣላችሁ፣ ውሳኔውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን የለም። ቢሆንም ይሄ ልጅ ጠየቀኝ። እኔ በእሱ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

አንተ ልጅ፣ ማኅተም ሳታሳርፍበት ውሳኔውን ሙሉውን ላክልኝ። የልጆቹን የልደት ቀንም አብረህ ጻፍ።