በብርዱ ወራት መጋረጃችሁን ግለጡ

ወገኖቼ፣ በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በዴንቨር ወይም በስቶክሆልም የመጀመሪያውን የበረዶ ወቅት ለምትቀበሉ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ብርዱ ላልተለመደላችሁ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። ቀን ቀን መጋረጃችሁን ግለጡ፤ ወንበራችሁንም ወደ መስኮቱ አዙሩ። ስለ ካፖርት፣ ስለ በረዶ ጫማና ስለ መኪና ጎማ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። በእነዚህ ወራት ግን ዓይንም እንደ ሆድ ይራባል፤ ስለ እሱ የሚያነሳ ሰው ብዙ አላየሁም።

ታኅሣሥ ላይ በሚኒያፖሊስ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው፤ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ሠራተኛ፣ የልጅ ልጅ ልትጠብቅ ከአገር ቤት መጥታ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ የምትውል እናት፣ ሁለቱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጭው ሁሉ የሞተ ይመስላቸዋል። አገር ቤት ሳለን እኮ ፍጥረትን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ርግቡ ጣሪያ ላይ ነው፣ ቁራው አጥር ላይ ነው፣ ጭልፊቱ ጫጩት ያደባል፣ ማታ ጅቡ ይጮኻል። እዚህ በሩ ዝግ፣ መስታወቱ ድርብ ነው፤ ድምፅ አይገባም። ስለዚህ ፈልጎ ማየትን መልመድ ግድ ይላል።

በሰሜኑ አሜሪካ መስኮት ላይ መጀመሪያ የምትለምዷት ወፍ ቺካዲ ናት። አናቷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ ነው፤ ክብደቷ ከ9 እስከ 14 ግራም ብቻ። ይህቺ እፍኝ የማትሞላ ፍጥረት ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲደርስም ወደ ደቡብ አትሸሽም። ከብርዱ በፊት ቅጠል ሲረግፍ ፍሬ በፍሬ እየለቀመች በዛፍ ቅርፊትና በስንጥቅ ውስጥ ትሸሽጋለች፤ የሸሸገችበትን ቦታም ታስታውሳለች። ሌሊት ሲሆን፣ ቀን ላይ 42 ዲግሪ የነበረውን የሰውነቷን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጋ ጉልበቷን ትቆጥባለች፤ ሲነጋ እየተንቀጠቀጠች ሙቀቷን ትመልሳለች። ድምጿንም አድምጡ። ጭልፊት ወይም ጉጉት ስታይ በጥሪዋ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዲ» ትደጋግማለች፤ አደጋው በከፋ መጠን ድግግሞሹ ይበዛል። ሌሎች ወፎችም ይህንን ሰምተው ይጠነቀቃሉ። ይህንን ካወቃችሁ በኋላ ጠዋት መስኮቱ ላይ ስታዩዋት «ሌሊቱን አለፈችው» ማለታችሁ አይቀርም።

ከእሷ ቀጥሎ ደማቅ ቀዩን ካርዲናል ጠብቁ። ብርሃኑ ሳይጠነክር ማለዳና ምሽት ላይ መምጣት ይወዳል፤ ሴቷ ቡናማ ስለሆነች ቶሎ አትታይም። ግንደ ቆርቁርም ይመጣል። ስኩዊረል የሚባለው ጭራው ጎፍላላ እንስሳ ደግሞ ሳትጠሩት ይመጣና ለወፎቹ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ሊጨርስ ይሞክራል።

አሁን ወደ ኑግ ልውሰዳችሁ። በአሜሪካና በካናዳ የወፍ መኖ በሚሸጥባቸው መደብሮች ቀጭን ጥቁር ፍሬ በከረጢት ተሞልቶ «ናይጀር» በሚል ስም ይሸጣል። ያ የእኛው ኑግ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ «የአቢሲኒያ» የሚል ቃል ይዟል፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከምያንማር ተጭኖ ይመጣል። የአረም ዘር አብሮ እንዳይበቅል ሲባል በሙቀት ታክሞ ነው ወደ አሜሪካ የሚገባው። ጎልድፊንች የምትባለው ወፍ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ይህንን ፍሬ ነው። በብርዱ ወራት ላባዋ የደበዘዘ ወይራማ ስለሆነ ብዙ ሰው ድንቢጥ ብሏት ያልፋል፤ በጸደይ ላባዋን ስትቀይር ወንዱ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ከሰሜን ጫፍ የሚወርዱት ሬድፖል የተባሉት ወፎችም በአንዳንድ ዓመት በመንጋ መጥተው ኑጉን ይከባሉ። ከጎጃም ወይም ከወለጋ ማሳ የተነሳ እህል በሚኒሶታ በረዶ መካከል ነፍስ ሲያቆይ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የናፍቆት ዘፈን ይበልጥብኛል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ኑግ ለወፍ መኖ እንጂ ለሰው ምግብ የተዘጋጀ ስላልሆነ ወጥ ቤት አታስገቡት። ደግሞም ከቆየ ይደርቃል፣ ዘይቱም ይበላሻል፤ ወፎቹም ጥለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየገዛችሁ፣ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ለኑግ በተሠራ ቱቦ ወይም በጨርቅ ከረጢት አንጠልጥሉት።

ለሌሎቹ ወፎች ጥቁሩ የሱፍ አበባ ፍሬ ይበቃል። ለግንደ ቆርቁርና ለቺካዲ የከብት ሞራ በሽቦ ቅርጫት ውስጥ አድርጎ መስቀል ነው፤ በብርድ ጊዜ ጥሩ ጉልበት ይሰጣቸዋል። ጨው የነካው ቆሎ፣ ዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ አትስጧቸው። ግቢ የሌላችሁም አትዘኑ፤ በመምጠጫ ጎማ መስታወት ላይ የሚጣበቅ ትንሽ መመገቢያ አለ። ከመስቀላችሁ በፊት የቤቱን አከራይ ወይም የሕንፃውን አስተዳደር ጠይቁ፤ መሬት ላይ የተበተነ እህል አይጥ ስለሚጠራ የሚከለክሉ አሉ። አጋዘን መመገብ ደግሞ በሽታን ለመከላከል ሲባል በብዙ አካባቢ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አትሞክሩት።

መመገቢያውን የት እንደምትሰቅሉት አስቡበት። በአሜሪካ በየዓመቱ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ወፎች ከመስታወት ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ ይገመታል። መስታወቱ ላይ ሰማይና ዛፍ ስለሚታያቸው መንገድ ያለ ይመስላቸዋል። መመገቢያው ወይ ከመስኮቱ በ1 ሜትር ውስጥ ይሁን፣ ወይ ከ10 ሜትር ይራቅ፤ ቅርብ ከሆነ ተነሥተው ሲበሩ የሚጎዳቸው ፍጥነት ላይ አይደርሱም። በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ መለጠፍም ይረዳል። በየሁለት ሳምንቱ መመገቢያውን እጠቡ፤ ላባው የተንጨባረረ፣ ደንዝዞ የተቀመጠ ወፍ ካያችሁ ደግሞ በሽታው እንዳይዛመት ሁሉንም አውርዳችሁ ለጥቂት ሳምንት አቁሙ።

አባትና እናታችሁ ይህንን ሲያዩ ሊከፋቸው ይችላል። ልጅነቱን ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ ላሳለፈ ሰው፣ ግሪሳ በአንድ ቀን ማሳ ሲያወድም ላየ ገበሬ፣ በገንዘብ እህል ገዝቶ ለወፍ መስጠት ግፍ ነው የሚመስለው። አትከራከሯቸው። ወንበር ብቻ መስኮቱ ዳር አኑሩላቸውና ቡናውን እዚያው አፍሉ። ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ወፍን ከማናችንም አብልጦ ያውቃል፤ የትኛው ወፍ መንገድ እንደሚመራ፣ የትኛው እንደሚዘበራረቅ፣ የትኛው ሌባ እንደሆነ ሰንበት ብለው እነሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል። የልጅ ልጆቻችሁ አማርኛ የሚሰሙበት አጋጣሚ ከፈለጋችሁም ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ አያትና ልጅ አንድ ነገር እያዩ ሲያወሩ ቋንቋው ሳይታወቅ ይገባል።

በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠሩ ልጆቼም ስሙኝ፤ እኔም ረጅም ዘመን የሠራሁት እዚያው ነው። ቁርስ አብልታችሁ፣ መድኃኒት ሰጥታችሁ ስትጨርሱ አዛውንቱን ግድግዳ ፊት አታስቀምጧቸው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ማዞር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ንግግር ያቆሙ ሰዎች ቀይ ወፍ አይተው ጣታቸውን ሲያነሱ አይቻለሁ። መመገቢያ ከሌለ ኃላፊዋን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል።

ዛፍ የማይታይበት ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ ወይም የቀን ብርሃን ለማታገኙ፣ የቀጥታ ካሜራዎች አሉ። ስታዩ ግን በቴሌቪዥን እንጂ በስልክ አትዩ። ስልኩ ከእጃችሁ ካለ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ አገር ቤት ወሬ መመለሳችሁ አይቀርም፤ ያ ወሬ ደግሞ እንቅልፍ እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። በቴሌቪዥኑ ከፍታችሁ፣ ድምፁን ቀንሳችሁ፣ ሥራችሁን እየሠራችሁ አልፎ አልፎ ተመልከቱ።

ወፍ ለመለየት የምትማሩበት ካሜራ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ተቋም በኢታካ፣ ኒው ዮርክ መመገቢያው ላይ የተከለው ነው። በኦንታሪዮ ማኒቱዋጅ በተባለች ትንሽ ከተማ ያለው ደግሞ በረዶው ከፍ ብሎ የሰሜን ወፎች የሚታዩበት ነው። ለናፍቆት የሚሆነው በኬንያ ላይኪፒያ፣ በምፓላ የምርምር ማዕከል ያለው የወንዝ ዳር ካሜራ ነው፤ ዝሆኑም ጉማሬውም ይመጣበታል። ሰዓቱን እወቁት። በብርዱ ወራት በሚኒያፖሊስ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በኬንያም በኢትዮጵያም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት የምትሠሩ በእረፍት ሰዓታችሁ የምታዩት የእዚያ ማለዳ ነው። ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ልዩነታችሁ የ2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ማታ ስትከፍቱ የሚታየው በሌሊት ማያ ካሜራ የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ እሱም የራሱ ግርማ አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ቀጥታ» ተብለው የሚለቀቁ ብዙዎቹ አሮጌ ቅጂዎች ናቸው፤ በኮምፒውተር የተፈበረኩም አሉ። ካሜራው የማን እንደሆነ፣ ቦታው የት እንደሆነ፣ ሰዓቱና የአየሩ ሁኔታ ከቦታው ጋር ይስማማ እንደሆነ አረጋግጡ። ባለቤቱ ለማይታወቅ ካሜራም ገንዘብ አትላኩ።

እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ካሜራም አያስፈልጋችሁም። በሁላ ሸለቆ በብርዱ ወራት ክሬን የተባሉት ግራጫ፣ እግረ ረጃጅም ወፎች በአሥር ሺዎች እየሆኑ ያርፋሉ። የዚሁ ዝርያ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜን ተነሥተው እስከ ጣና ዳርቻ ይወርዳሉ። ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲያዩ ያውቋቸዋል።

ከቀጥታ ካሜራዎቹ መካከል የንስር ጎጆ ስለሚያሳዩት ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ የራሰ ነጩን ንስር ጎጆ በቀጥታ ያሳያል። ሐዋሳና ዝዋይ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የምናውቀው ነጭ ራስ ንስር የቅርብ ዘመዱ ነው። እንቁላል የሚጥሉት ፌብሩዋሪ ላይ፣ ብርዱ ገና በጠናበት ጊዜ ነው። ለ35 ቀን ያህል ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ይታቀፉታል። በረዶ ሲወርድ የታቀፈው ንስር አይነሳም፤ ራሱ ብቻ እስኪታይ ድረስ ይሸፈናል። ይህንን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ አስቀድማችሁ ግን ተፈጥሮ ምን እንደሆነ ንገሯቸው። በኤፕሪል 2023 መጀመሪያ ላይ ከባድ በረዶ ወርዶ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል የተባለው የሚኒሶታው ጎጆ ወደቀ፤ ጫጩቱም ሞተ። በካሊፎርኒያ ቢግ ቤር ሸለቆ በማርች 2025 ሦስት ጫጩቶች ተፈልፍለው አንዱ ከበረዶ አውሎ ነፋስ በኋላ ሞተ፤ ሁለቱ ግን አድገው በጁን በረሩ። ልጅ እንዲህ ያለውን አይቶ ሲያለቅስ ቴሌቪዥኑን ቶሎ አታጥፉበት፣ «ተኝቶ ነው» ብላችሁም አትዋሹት። አብራችሁት ተቀመጡ፣ ይጠይቃችሁ። የሚኒሶታዎቹ ጥንዶች ብዙ ሳይርቁ ሌላ ጎጆ መሥራታቸውንም ንገሩት።

ይህ ሁሉ ሐኪምን አይተካም። ምግብ ካልበላችሁ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታችሁ፣ ሐዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ በብርዱ ወራት የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት የታወቀ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ፀሐይ በወጣች ቀንም ለጥቂት ጊዜ እንኳ ወጥታችሁ ተራመዱ።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ደግሞ ማንም ሰው በነፃ የሚሳተፍበት የአራት ቀን የወፍ ቆጠራ አለ። በ1998 የተጀመረ ሲሆን አሁን በመላው ዓለም ይካሄዳል። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ከመስኮታችሁ ሆናችሁ ያያችሁትን ቆጥራችሁ በኮርኔል ተቋም ነፃ የስልክ መተግበሪያ ታስገባላችሁ፤ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። መተግበሪያው የወፏን ስም ለመለየትም ይረዳል። ልጁ ይቁጠር፣ አያት ታሳየው፣ እናንተ ጻፉ። አዲስ አበባ ያለው እህት ወንድማችሁም ከራሱ በረንዳ ሆኖ በዚያው ቀን መቁጠር ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ደውሉለት።