ከሽማግሌዎች ጋር መሥራት ሰልችቶኛል፤ ልልቀቅ?

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜህ 24፣ ሥራህ ማቻከል ወረዳ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ። አሲዳማ ማሳቸው ላይ ኖራ እንዲበትኑ ስትነግራቸው «እሺ ልጄ» ብለው ያልፉሃል። «ሽማግሌ አይለወጥም፤ ለቅቄ ከወጣት ጋር የሚያሠራ ቦታ ልፈልግ ወይ?» ብለሃል።

መልቀቅ መብትህ ነው። ምክንያትህ ግን አልተዋጠልኝም። ደብዳቤህ ከዳር እስከ ዳር «እኛ ወጣቶች» እና «እነሱ» ነው። ራሱን በዕድሜው ብቻ የሚለካ ሰው ሌላውንም በዚያው ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት፣ ከ25 ዓመት በታች ያሉት ከዕድሜያቸው ተለቅ ያሉ ይመስላቸዋል። ከ40 ያለፉት ደግሞ በአማካይ 20 በመቶ አንሰው ነው ራሳቸውን የሚያዩት። «ልጄ» መባሉ የቆረቆረህም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ በልብህ 30 ገብተሃል። ሽማግሌ የምትላቸው የ60 ዓመት ሰው በዚያ ስሌት 48 ናቸው!

ነገሩ ለራስህም ይተርፋል። በአሜሪካ ኦሃዮ 50 የሞላቸውን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ ስለ እርጅናቸው በጎ ግምት የነበራቸው በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ መኖራቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ግምት ደግሞ ሥር የሚሰደው ገና በልጅነት ነው።

አሁን ወደ ሥራህ። ኖራ እንደ ዩሪያ በእፍኝ የሚበተን አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል ይገባል። ማን ይሸከመው? ማን ያጓጉዘው? ውጤቱም ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ማመንታታቸው ከእርጅና ሳይሆን ከሒሳብ ነው፤ እኔም አመነታ ነበር። ግትርም አይጠፋም፣ እሱ ግን በየዕድሜው አለ።

ስለዚህ ስብሰባውን ተወውና ማሳው ላይ ውረድ። «አያ፣ ገብስና ባቄላ እምቢ ብሎ እንግዶ (አሲድ የሚችል የአጃ ዓይነት) ብቻ የቀረው የትኛው ማሳ ነው? ከመቼ ወዲህ?» በላቸው። የዚያን ማሳ የ30 ዓመት ታሪክ ከእሳቸው በቀር የያዘው የለም። መጀመሪያ የሚነግሩህን ማሳ ቆርሰህ በትንሹ ሞክርበት፤ ጎረቤት ይየው።

ደግሞ ከወጣት ጋር ብቻ መሥራት የት ይገኛል? የይዞታ ደብተሩ ያለው በአባቶች እጅ ነው። ቀጣሪም «አርሶ አደሩን እንዴት አሳመንክ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያኔ የምታወራው ይህንን ማሳ ነው። አንድ መኸር ቆይተህ ካልሆነ ሲቪህን ላክልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።