ጣና ዳር ተቀምጦ ከጣና የሚያርቅ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሳመሳክር ስለምውል ማታ ሐሳቤን ሁሉ የሚያስረሳኝ መጽሐፍ እሻለሁ። ባለፈው ወር የገዛሁት ወፍራም ልቦለድ እስከ ስልሳኛው ገጽ ድረስ ባለታሪኩን ከቤቱ አላስወጣውም። ልብ አንጠልጣይ የጀብዱ ልቦለድ ብትጠቁሙኝ?

መልስ፦ ለባሕር ዳር ሰው ልብ አንጠልጣይ ሲባል ብዙዎች ፈጥነው የሚጠሩት የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ነው፤ ስለላውና ሳይንሱ ከጣና ጋር ተጠላልፈው ይሮጡበታል። እኛም እንወደዋለን፤ ሆኖም ፍላጎትዎ ካሉበት መራቅ ከሆነ ለሁለተኛ ያቆዩት። በየቀኑ የሚያዩት ሐይቅ ከገጹ ላይ ብቅ ሲል «ይኼስ እንዲህ አይደለም» እያሉ ከደራሲው ጋር መሟገትዎ አይቀርም፤ ሙግት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከሩቅ ይጀምሩ። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1881 ክረምት ከእንጀራ ልጁ ጋር የአንድ ደሴት ካርታ ሲሥል ከካርታው «ትሬዠር አይላንድ» ተወለደ። በ1883 በመጽሐፍ መልክ ከመታተሙ በፊት በልጆች መጽሔት በተከታታይ ይወጣ ስለነበር፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹም አንባቢውን አንጠልጥለው ይዘጋሉ። ባለታሪኩ ልጅ ጂም በመርከብ ላይ ሳለ ፖም ፍለጋ ሊያልቅ ከተቃረበ በርሜል ውስጥ ገብቶ በጨለማው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ አንድ ሰው መጥቶ በርሜሉን ይደገፍና ስለ አመፅ መዶለት ይጀምራል። ወደ ዘጌ በጀልባ የተሻገረ ሰው ይህን ክፍል ከሌላው አንባቢ በተሻለ የሚረዳው ይመስለናል፤ በውኃ መካከል መሸሻ የለምና። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ለተማሪዎች አሳጥረው ካዘጋጁት እትሞች አንዱን ይያዙ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቀጥሎ የጆን ባከን «ዘ ሠርቲ ናይን ስቴፕስ» (1915) አለ፤ ደራሲው ታሞ አልጋ ላይ ሳለ የጻፈው አጭር የስለላ ታሪክ ሲሆን በሁለት ምሽት ያልቃል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) በፍጥነት ከማናቸውም አያንስም፤ ነገር ግን አስመራን፣ ጦርነቱንና ፍቅሩን አስከትሎ ከመኝታዎ ድረስ ይመጣል እንጂ አያስረሳም። ዓርብ ማታ ቢጀምሩት ይሻላል፤ በማግሥቱ የሚመሳከር ሒሳብ ካለ ግን አይንኩት።