«ቢያን» ሲጨመር ፍቅሩ ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው። «ዠ ቴም» ማለት «እወድሻለሁ» ነው፣ «ቢያን» ደግሞ «በደንብ»። መምህራችን ግን «ዠ ቴም ቢያን» ከተባለ ፍቅሩ ይቀንሳል አሉን። እንዴት ነው ነገሩ? በአማርኛስ ምን ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው። እርስዎም ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። እኛ «በጣም እወድሻለሁ» ስንል ጨመርን እንጂ አልቀነስንም። ተውሳከ ግስ ሁሉ ግሱን የሚያጠነክር የሚመስለን ለዚህ ነው።

«ዠ ቴም» የመጣበት የፈረንሳይኛው «ኤሜ» ሰፊ ግስ ነው። ቡና መውደድንም፣ ጓደኛ መውደድንም፣ ማፍቀርንም ይይዛል። ለሰው ሲባልና ምንም ሳይጨመርበት ሲቀር ሙሉ ፍቅር ይሆናል። «ቢያን» ሲገባ ግን ልክ ያበጅለታል፤ እስከዚህ ድረስ ነው ይላል። «ቦኩ» እንኳ፣ «ብዙ» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ለሰው ሲባል ከባዶው «ዠ ቴም» ያንሳል። ለቡና ወይም ለዘፈን ሲሆን ግን እንደኛው «በጣም» ያጠነክራል።

ትርጉሙን በተመለከተ «በደንብ እወድሻለሁ» አይበሉ፤ እንዲህ የሚል አማርኛ የለንም። ንግግሩ ስለ ሥራ ባልደረባ ከሆነ «ደስ ይለኛል፣ ጥሩ ልጅ ነው» ይበቃል። ፍቅሯን ለገለጸች ልጅ የተሰጠ መልስ ከሆነ ደግሞ አማርኛ የራሱ አለው፦ «እኔ እኮ እንደ እህቴ ነው የማይሽ»። ከፈረንሳይኛው ጋር አንድም ቃል አይጋራም። ልጅቷን ግን እኩል ያማታል፤ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

ያው «ቢያን» ሌላ ግስ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል። «ዠ ቨ» ማለት «እፈልጋለሁ» ነው፤ ቆጣ ያለ፣ ትእዛዝ የሚመስል። «ቡና ልቅዳልዎ?» ለሚል ሰው «ዠ ቨ ቢያን» ቢሉ ግን «እሺ፣ ደስ ይለኛል» ማለትዎ ነው። ፍላጎቱ ወደ ፈቃደኝነት ተለወጠ።

አንዳንዴ ቦታውም ትርጉም ይቀይራል። «ቱዡር»ን ይውሰዱ፤ «ሁልጊዜ»ም «አሁንም»ም ይሆናል። «ኢል ነ ትራቫይ ቱዡር ፓ» ሲባል ሰውየው አሁንም አይሠራም። የአሉታው ቃል «ፓ» ቀድሞ «ኢል ነ ትራቫይ ፓ ቱዡር» ከተባለ ግን ይሠራል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። ሁለተኛውን «ሁልጊዜ አይሠራም» ብለው እንዳይተዉት አደራ። በአማርኛ ይህ «ጨርሶ አይሠራም» ተብሎም ሊሰማ ይችላል። «ሁልጊዜ አይደለም የሚሠራው» ቢሉት ይጠራል።