«ፖዘቲቭ» ሁልጊዜ መርዶ አይደለም

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት እህቴ በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ኬሞቴራፒዋን ከጨረሰች ሦስት ወር ሆኗታል። አሁን ታሞክሲፌን የተባለ ክኒን በየቀኑ ለአምስት ዓመት እንድትወስድ ታዞላታል። የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ወረቀቷ «ኢአር ፖዘቲቭ 90 በመቶ፣ ፒአር ፖዘቲቭ፣ ኸርቱ 2+» ይላል። አንዲት ጎረቤታችን «ፖዘቲቭ ከሆነ ክፉ ነው» ስላለቻት እንቅልፍ አጥታለች። ክኒኑም ሌሊት ሌሊት ሰውነቷን እያጋለ ስላስቸገራት ልታቆመው አስባለች። ካንሰሩ ተቆርጦ ከወጣ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል? ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው እህትዎን ያረጋጉልን። በአገራችን «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር ተያይዞ ስለኖረ ጆሯችን ሲሰማው ይደነግጣል። በእህትዎ ወረቀት ላይ ግን «ኢአር ፖዘቲቭ» ማለት ካንሰሩ ለማደግ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴቶች ሆርሞን ይጠቀማል፣ ስለዚህም ሆርሞኑን በመከልከል ልንይዘው እንችላለን ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚታወቅ ላስረዳ። ፓቶሎጂስቱ ከዕጢው እጅግ ስስ ቁራጭ ወስዶ በስላይድ ላይ ካደረገ በኋላ የኢስትሮጅን ተቀባይ (ኢአር) የሆነውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ በሚያቀልም ዘዴ ያዘጋጀዋል። በማይክሮስኮፕ ሲያየውም ተቀባዩ ያለባቸው ሴሎች ኒውክሊየሳቸው ቡናማ ሆኖ ይታየዋል። 90 በመቶ የተባለው ከመቶ የካንሰር ሴሎች 90ዎቹ እንዲህ ስለቀለሙ ነው፤ 1 በመቶ እንኳ ቢሆን ፖዘቲቭ ይባላል። ኢስትሮጅን ወደ ሴሉ ዘልቆ ከዚህ ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ ተቀባዩ ቅርጹን ለውጦ ዲኤንኤው ላይ ያርፍና ሴሉ እንዲከፋፈል የሚያደርጉትን ጂኖች ያስነሳል። ፒአር የተባለው የፕሮጄስትሮን ተቀባይም በኢስትሮጅን ተቀባዩ ትእዛዝ የሚሠራ በመሆኑ፣ እሱም ፖዘቲቭ መሆኑ ኢአሩ በእርግጥ በሥራ ላይ እንዳለ ይመሰክራል።

ሆርሞንና የጡት ካንሰር መተሳሰራቸው የታወቀው ተቀባዩ ራሱ ከመታወቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተስፋፋ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ኢስትሮጅን የሚያመነጩት እንቁልጢዎቿ (ኦቫሪዎቿ) በቀዶ ሕክምና ከወጡላት በኋላ ዕጢዋ እንደሟሸሸ ገልጿል። ታሞክሲፌን ያንኑ ዓላማ ያለ ቢላዋ ያከናውናል፤ ኢስትሮጅንን ከሰውነት አያጠፋም፣ ነገር ግን በጡት ሴል ተቀባይ ላይ ቀድሞ ተቀምጦ ሆርሞኑን ቦታ ያሳጣዋል።

ታዲያ ዕጢው ከወጣ በኋላ ለምን? በምርመራ ለማየት የማይቻሉ ጥቂት ሴሎች በአጥንት ወይም በሌላ አካል ተደብቀው ሊቀሩ ስለሚችሉ ነው። እንዲህ ያሉት ሴሎች ከዓመታት በኋላ ሊነሱ የሚችሉ በመሆናቸው ክኒኑን በመሃል ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ሙቀቱ በእርግጥ ያስቸግራል። ሆኖም የሚያስታግሱት መንገዶች ስላሉ እህትዎ ከማቆሟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ለሙቀቱ ብላም በራሷ ፈቃድ ሌላ መድኃኒት አትጀምር፣ ፓሮክሴቲንን የመሳሰሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች የታሞክሲፌንን ሥራ ያዳክማሉና። አንድ እግሯ ድንገት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ሆስፒታል ትሂድ። ክኒኑን በምትወስድበት ጊዜም ማርገዝ የለባትም።

አሁን ወደ ኸርቱ እንምጣ፤ በዚህ ወረቀት ላይ ገና መልስ ያላገኘው እሱ ነውና። ኸርቱ የእድገት ምልክት ከሚቀበሉ ፕሮቲኖች ወገን ሲሆን መቀመጫው የሴሉ ሽፋን ነው። በስላይዱም ላይ ቀለሙ ሴሉን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ቀለበቱ ሙሉና ደማቅ ከሆነ 3+ ይባላል፤ 2+ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ስላልሆነ የጂኑ ቅጂ መብዛቱን የሚቆጥረው ፊሽ የተባለው ምርመራ ይጨመርበታል። ቅጂው ሲበዛ ተቀባዮቹ እርስ በርስ እየተጣመሩ፣ ከውጭ የሚጠራቸው ሳይኖር፣ የ«ተከፋፈል» ምልክት ወደ ውስጥ ይልካሉ።

ምልክቱ በኢንዛይሞች ቅብብል ወደ ኒውክሊየሱ ሲደርስ የኢስትሮጅን ተቀባዩን ራሱን ሊያነሳሳው ይችላል። ያን ጊዜ ተቀባዩ በጥቂት ሆርሞን፣ አንዳንዴም ያለ ሆርሞን ይሠራል። በቤተ ሙከራ ኸርቱ እንዲበዛባቸው በተደረጉ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ታሞክሲፌን ከማገድ ይልቅ እንደ ኢስትሮጅን ሲያገለግል ታይቷል። እንዲህ ያለው ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ኤምሲኤፍ-7 በተባሉት ሴሎች ሲሆን፣ እነዚህ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ካረፈች አንዲት መነኩሲት የተገኙ ናቸው። 

ኸርቱ የታሞክሲፌንን ሥራ ሊለውጥ ስለሚችል የፊሽ ምርመራው መታዘዙን፣ ከታዘዘም ውጤቱ የት እንደደረሰ በቶሎ ይጠይቁ። የጂኑ ቅጂ በዝቶ ከተገኘ ትራስቱዙማብ የተባለውና ኸርቱን የሚያግደው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ ይህ መድኃኒት በተለምዶ ከኬሞው ጋር የሚጀመር በመሆኑ እህትዎ ከዚህ በላይ መዘግየት የለባትም። ልብን ሊያደክም ስለሚችልም ከመጀመሩ በፊትና በሕክምናው መሃል ልቧ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቅጂው ካልበዛ ኸርቱ ኔጋቲቭ ተብሎ ይመዘገባል። ውጤቱ በየትኛውም በኩል ቢወጣ የኢስትሮጅኑ መንገድ መዘጋት ስላለበት የታሞክሲፌኑ ክኒን አይቋረጥም።