ጥያቄና መልስ፦ ለሄድፎን ዳክ መግዛት ይጠቅማል?

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዳክ ይጠይቃሉ። ዳክ የምንለው በስልክ ወይም በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ሄድፎን ወደሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረውን ክፍል ነው። የሄድፎን ጃክ ያለው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ በውስጡ አለው። ለብቻዋ የምትሸጠው ደግሞ በአንድ በኩል ታይፕ ሲ፣ በሌላው በኩል የሄድፎን ቀዳዳ ያላት ጣት የማታህል ዕቃ ናት። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

«ኮምቦልቻ የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አዲሱ ስልኬ የሄድፎን ጃክ የለውም። 5,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ‹32 ቢት፣ 384 ኪሎኸርዝ› የሚል ዳክ አሳየኝ። ሌላው ሱቅ ደግሞ በጣም ርካሽ የሆነ ማገናኛ አውጥቶ ‹ያው ነው› አለኝ። ሄድፎኔ ባለ 32 ኦም ነው፤ ትንሽ አርጅቷል። የቱን ልግዛ?» (ኤ.መ.፣ ከኮምቦልቻ)

ሁለቱ ዕቃዎች ያው አይደሉም። የሚለያያቸው ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም።

ርካሹ ማገናኛ ውስጡ ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ብቻ ከሆነ የሚሠራው ስልኩ ራሱ ድምፁን ቀይሮ በታይፕ ሲ ቀዳዳው ሲያወጣ ነው፤ ብዙ ስልኮች ደግሞ ይህን አያደርጉም። ለምሳሌ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 10 በውስጡ ዳክ የሌለውን ማገናኛ አይቀበልም። ስለዚህ ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ። ስልክዎን ይዘው ይሂዱና እዚያው ሰክተው ያዳምጡ። ታይፕ ሲ ያለው ላፕቶፕ ከተገኘ ደግሞ ማገናኛውን ሰክተው የድምፅ መሣሪያዎቹን ዝርዝር ይክፈቱ፤ አዲስ ስም ከመጣ ውስጡ ዳክ አለ፣ ካልመጣ ሽቦ ነው። አንዳንድ ስልኮች በሴቲንግ ውስጥ «ኦቲጂ» የሚለው ካልበራ ዳኩን አያዩትም፤ ዕቃው ተበላሽቷል ከማለትዎ በፊት እሱን ያብሩ።

«32 ቢት፣ 384 ኪሎኸርዝ» የሚለውን ይተዉት። በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ የሚሠራው በ16 ቢትና በሰከንድ 44,100 ናሙና (44.1 ኪሎኸርዝ) ነው፤ ናሙና የምንለው የድምፁን አንድ ልኬት፣ ቢት ደግሞ ያ ልኬት የሚጻፍበትን የቁጥር ርዝመት ነው። 16 ቢት በጣም ዝግ ባለውና በጣም በጎላው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የሚጠጋ ስፋት ይሰጣል። 44,100 ናሙና እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የጤናማ ወጣት ጆሮ ጣሪያ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከቴሌግራም ያወረዱት የተጨመቀ ዘፈን ደግሞ ከዚህም ያነሰ መረጃ ነው ያለው። ጆንያው ስለሰፋ እህሉ አይበዛም።

መጠየቅ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፤ የሚያወጣው ቮልት ስንት ነው? የውጤቱ ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ፣ ስንት ኦም ነው? ለባለ 32 ኦም ሄድፎን 1 ቮልት በቂ ነው፤ 31 ሚሊዋት ያህል ይሰጣል። የዳኩ ኢምፔዳንስ ከሄድፎኑ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለእርስዎ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ከዚያ ሲበልጥ የአንዳንድ ሄድፎኖች ባስ ያብጣል፤ የከበሮው ምት ጥርት ብሎ መቆም ሲገባው ይንዘላዘላል።

አፕል የሚሸጣት ትንሽ ነጭ ማገናኛ በውስጧ እውነተኛ ዳክ አለ፤ ኢምፔዳንሷም 1 ኦም ገደማ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ናት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችው (ኤ2049) ወደ 1 ቮልት ስታወጣ፣ ለአውሮፓ የተሠራችው (ኤ2155) ግማሹን ያህል ነው የምታወጣው፤ መልካቸው አንድ ስለሆነ ቁጥሩን አይተው ይግዙ። ሌላም ችግር አለባት። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የራሷ የውስጥ ድምፅ መጠን ዝቅ ብሎ ይጀምርና ስልኩ አያነሣውም፤ ድምፁን እስከ ጥግ ቢከፍቱትም ያንሳል። «ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ» የተባለው አፕ ይህን ያስተካክላል፣ ግን በገንዘብ ነው፣ የሚያስተካክለውም በራሱ ለሚከፈተው ዘፈን እንጂ ለሌላው አፕ አይደለም። አንድሮይድ ለያዘ ሰው «ሲኤክስ31993» የተባለው ቺፕ ያለባቸው ርካሽ ዳኮች ይሻላሉ። የቺፑ ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ በዙሪያው ያለው አሠራር ከተበላሸ ጥሩ ቺፕም መጥፎ ድምፅ ያወጣል።

ከ5,000 ብሩ ለዳክ ከሩብ በላይ አያውጡ። የቀረው ለሄድፎኑ ይሁን፤ በሁለት ሄድፎኖች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ደህና ዳኮች መካከል ካለው እጅግ ይበልጣል። አሮጌውን ከመጣልዎ በፊትም የጆሮውን ስፖንጅ ይመልከቱ። ከተላጠ ወይም ከተጨፈለቀ አየር ያሳልፋል፣ አየር ሲያልፍ ባሱ ይጠፋል። ስፖንጁን ብቻ መለወጥ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ዳክ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሱቅ ውስጥ ሲያወዳድሩ በሚገባ የሚያውቋቸውን ሦስት ዘፈኖች በስልክዎ ይያዙ። ማሲንቆ ያለበት አንድ ይሁን፤ የጭራው ፍትግታ እንደ ወንፊት ከተንሿሿ ወይ ፋይሉ በጣም ተጨምቋል ወይ ዳኩ ድምፁን ይቆርጣል። ክራርና የሴት ድምፅ ያለበት አንድ፣ ከበሮና ጭብጨባ ያለበት አንድ ይጨምሩ። ባቲ ወይም አምባሰል ሲሰሙ ያደጉበት ዜማ ከማያውቁት የውጭ ዘፈን ይልቅ ስሕተቱን ቶሎ ያሳይዎታል። በሁለቱ ዳኮች ላይ የድምፁን ከፍታ በጥንቃቄ እኩል ያድርጉ። ትንሽ የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው በሱቅ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

«ታይፕ ሲ ዳክ ገዛሁ። ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን የለም፤ ከሩቅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው። ዳኩ ነው የተበላሸው?» (ሰ.አ.፣ ከደሴ ሆጤ)

ምናልባት አይደለም። የዘፋኙ ድምፅ በቀኝም በግራም እኩል ነው የሚቀዳው። የሄድፎኑ የጋራ ሽቦ፣ ማለትም ግራውንዱ፣ ሳይነካ ሲቀር ሁለቱ ጆሮዎች በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ያሰማሉ፤ እኩል የሆነው ሁሉ ተጣፍቶ ይቀራል። መጀመሪያ ጃኩን «ቀጭ» እስኪል ይግፉት፤ ወፍራም የስልክ ሽፋን ካለ አውልቀው ይሞክሩ። ካልተስተካከለ ሄድፎኑ ማይክ ያለው ከሆነ የማይኩን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። ሲጫኑት የዘፋኙ ድምፅ ከተመለሰ የጃኩ ቀለበቶች አሰላለፍ ከዳኩ ጋር አልተጣጣመም፤ በአሮጌ ሄድፎኖች የማይኩና የግራውንዱ ቦታ ከአሁኑ ተገላብጦ ይገኛል። ማቀያየሪያ ትንሽ ማገናኛ አለ፤ ወይም ማይክ በሌለውና ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ብቻ ባለው ሄድፎን ይሞክሩ። በሁሉም ሄድፎን ላይ ችግሩ ካለ ግን ዳኩን ይመልሱት።

«ላፕቶፔን ቻርጀር ላይ ስሰካው በሄድፎኔ ‹እዝዝ› የሚል ይሰማል፤ ስነቅለው ይጠፋል። የመስመሩ ችግር ነው? ዳክ ይፈታዋል?» (መ.ይ.፣ ከደሴ)

አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ቻርጀሩ ነው። 220 ቮልቱን ወደ 19 ቮልት ገደማ የሚያወርደው በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ በመቆራረጥ ነው፤ የዚያ ቅሪት በላፕቶፑ ውስጥ ወደ ድምፁ ክፍል ይሾልካል። ማውሱ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ጭርጭርታም ወንድሙ ነው። ዳክ ቅየራውን ከዚያ ሁካታ አውጥቶ ውጭ ስለሚያደርገው ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከዩኤስቢ ነውና። ስለዚህ ላፕቶፑንም ቻርጀሩንም ይዘው ይሂዱና ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ ይሞክሩት።

ድምፁ የሚመጣው ላፕቶፑን ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ከሚወስድ አምፕሊፋየር ወይም ስፒከር ጋር ሲያገናኙ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ሶኬት ግራውንድ ይዘው በድምፁ ገመድ በኩል ክብ ሠርተዋል። ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ በድምፁ ገመድ መካከል የሚገባ የማግለያ ትራንስፎርመር ይሸጣል። አንዳንዱ የሚያደርገውን፣ የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥን፣ ፈጽሞ አያድርጉ፤ ሰው ይገድላል። የላፕቶፑን ብረት ሲነኩ ጣትዎን ከነዘረዎትም ሶኬቱ ግራውንድ ላይኖረው ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

«ከድሮ ካሴት መንዙማ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦም ገዛሁ፤ በስልኬ በጣም ዝቅ ብሎ ይሰማል። ትልቅ አምፕሊፋየር ያስፈልገኛል?» (አ.ሐ.፣ ከኮምቦልቻ)

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አምራቹ ለዚህ ሄድፎን የሰጠው ቁጥር በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ነው። 1 ቮልት በ250 ኦም ላይ 4 ሚሊዋት ይሆናል፤ ይህም 6 ዴሲቤል ጨምሮ 102 ያደርሰዋል። ባለ 32 ኦሙ ዓይነት በዚያው 1 ቮልት 111 ይደርሳል። የ9 ዴሲቤሉ ልዩነት ነው ስልክዎ ላይ የደከመው። 2 ቮልት የሚያወጣ ዳክ 6 ዴሲቤል ይመልስልዎታል፤ 108 ለማንኛውም ሥራ ይበቃል። ትልቅ አምፕሊፋየር አያስፈልግዎትም።

ሌላው ተጠያቂ ግን ካሴቱ ራሱ ነው። ከካሴት የተገለበጠ ድምፅ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚቀዳ የትኛውም ዳክ ላይ ያንሳል። በነፃ በሚገኘው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ፋይሉን ይክፈቱ። መጀመሪያ ካሴቱ ሲነሣና ሲቆም የሚሰሙትን ጠቅታዎች ቆርጠው ያውጡ፤ እነሱ ከቀሩ ፕሮግራሙ ከፍተኛው ድምፅ እነሱ ናቸው ብሎ ስለሚያስብ መንዙማው ከፍ አይልም። ከዚያ ኖርማላይዝ የሚለውን መርጠው ከፍታውን ከዜሮ (ፋይሉ ከሚይዘው ጣሪያ) በታች 1 ዴሲቤል ላይ ያድርጉ። የቴፑ «ሽሽ» የሚለው ድምፅም አብሮ ይነሣል፣ ይህ አይቀርም። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ካሴቱ ዳግመኛ ላይጫወት ይችላል።

ጆሮዎንም ይጠብቁልን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ 80 ዴሲቤል ሲሆን በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በ90 ዴሲቤል ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ።

«ሄድፎኔ ብሉቱዝ ነው። ዳክ ብገዛ ይሻሻላል?» (ሀ.ተ.፣ ከደሴ)

አይሻሻልም። በብሉቱዝ ሲያዳምጡ ቅየራው የሚሠራው በሄድፎኑ ውስጥ ባለው ዳክ ነው፤ ስልኩ ላይ የሚሰኩት ምንም አይጨምርም። ሄድፎኑ የገመድ ቀዳዳ ካለው በገመድ ሲያገናኙት ብቻ ሊለይ ይችላል።

«ደሴ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ደንበኞች ዳክ እያመጡ ‹ደህና ነው?› ይሉኛል። ኢምፔዳንሱን በመልቲሜትር መለካት ይቻላል?» (ዘ.በ.፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

ይቻላል። የሚያስፈልገው 2 ቮልት ኤሲ መለኪያ ያለው መልቲሜትርና አንድ ባለ 33 ኦም፣ ሩብ ዋት ሬዚስተር ነው። የ200 ቮልት መለኪያ ብቻ ያለው ርካሽ መልቲሜትር እንዲህ ያለውን ትንሽ ቮልት በትክክል አያነብም።

የ100 ኸርዝ ቀጥ ያለ ድምፅ በፋይል አዘጋጅተው ይጫወቱ። ብዙ መልቲሜትሮች ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ስለሚሳሳቱ ከዚህ ከፍ አያድርጉ። ሄድፎን ሳይሰካ በጃኩ ጫፍና በግራውንዱ መካከል ይለኩና መልቲሜትሩ 0.500 ቮልት እስኪያሳይ ድምፁን ያስተካክሉ። አሁን ድምፁን ሳይነኩ ሬዚስተሩን በእነዚያው ሁለት ነጥቦች ላይ ያገናኙና እንደገና ይለኩ። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለሁለተኛው ያካፍሉ፣ ከዚያ በ33 ያባዙ። ለምሳሌ 0.500 ወደ 0.485 ከወረደ 1 ኦም ገደማ ነው፤ ደህና ዳክ ነው። ወደ 0.250 ከወረደ 33 ኦም ነው፤ ለባለ 32 ኦም ሄድፎን አይሆንም ብለው ይመልሱለት። በቀኙም በግራውም ይለኩ። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት ካገኙ መጀመሪያ የጃኩን ብየዳ ይመርምሩ፤ በነዚህ ትንንሽ ዳኮች ላይ ቶሎ የሚለቀው እሱ ነው፣ በቀጭን ካውያ በጥቂት ሰከንድ ይመለሳል።