የጋላክሲ እምብርት ብርሃኑ ለምን ከፍ ዝቅ ይላል? የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ደሴ መብራት ጠፍቶ ሰማዩ ቁልጭ ባለበት ማታ አንዱ ጎረቤቴ «ሩቅ ጋላክሲዎች መሀል ያለው ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ጥያቄ ወለደ። እነሆ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን ይውጣል እንጂ ያበራል እንዴ?

መልስ፦ ጋላክሲዎቹ መሀል የተቀመጠው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ራሱ አያበራም። የሚያበራው ሊገባበት ዙሪያውን የሚሽከረከረው ጋዝ ነው። እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል። አንዳንዴ ብቻውን ከጋላክሲው ከዋክብት ሁሉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን እኩል አያበራም?

መልስ፦ ጋዙ እንደ ቧንቧ ውሃ በልኩ ስለማይፈስ (የኛን ሰፈር ቧንቧ ማለቴ አይደለም)። መግነጢሳዊ ኃይል ያምሰዋል፣ አንዱ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ይሳሳል፣ ግለቱም አብሮ ይዋዥቃል። አልፎ አልፎ ደግሞ የአቧራ ደመና ፊት ለፊቱ ያልፍና ይጋርደዋል።

የባሰባቸው ብሌዛሮች የሚባሉት የጋላክሲ እምብርቶች ናቸው። ከጉድጓዱ አካባቢ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚወረወር የጋለ ጋዝ ጅረት አለ፣ የነሱ ደግሞ ወደኛ ያነጣጠረ ነው። ማታ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ከላይ የሚመጣ አይሱዙ መብራት አስቡ፤ ጠመዝማዛው ላይ ፊቱን ወዳንተ ሲያዞር ዓይንህን ያጠፋዋል፣ ዞር ሲል ምንም። ቢኤል ላሰርታ የሚባለው ብሌዛር እ.ኤ.አ. በ1929 ሲገኝ ተመራማሪዎቹ ብርሃኑ የሚለዋወጥ ተራ ኮከብ መስሏቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ቢለዋወጥስ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ይሄን ነው የምወደው! አብዛኞቹ እጅግ ሩቅ ስለሆኑ በቴሌስኮፕም ነጥብ ናቸው፣ ስፋታቸውን በዓይን አትለካም። ግን አንድ ነገር ባንድ ቀን ውስጥ በግልጽ ከደመቀ፣ ስፋቱ ብርሃን ባንድ ቀን ከሚጓዘው ብዙም ሊበልጥ አይችልም፤ ምክንያቱም «ድመቁ» የሚለው ወሬ ራሱ ከዳር እዳር ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ያ ወደ 26 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን ካለው ርቀት ስድስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። የጋላክሲን ያህል ብርሃን እዚያች ውስጥ!

ሌላም አለ። ጦሳ ተራራ ስር ቆማችሁ ስትጮሁ የገደል ማሚቶው ቆይቶ ይመለሳል አይደል? መሀሉ ሲደምቅም ራቅ ብሎ ያለው ጋዝ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይደምቃል። ከመዘግየቱ ርቀቱን፣ ከጋዙ ፍጥነት ጋር አጣምረው ደግሞ የጉድጓዱን ክብደት ተመራማሪዎች ያሰላሉ።

ጥያቄ፦ ጊዜ ጠብቆ የሚደምቅ አለ?

መልስ፦ አብዛኛው ዝም ብሎ ነው። ኦጄ 287 የሚባለው ብሌዛር ግን በየ12 ዓመቱ ገደማ ይፈነዳል። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እየተዟዟሩ ነው የሚሉ አሉ፣ ክርክሩ አላለቀም።

ጥያቄ፦ ጨርሶ የሚጠፋስ?

መልስ፦ ማርካሪያን 1018 የሚባለው ጋላክሲ እምብርት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደመቀ፣ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመልሶ ደበዘዘ። በቀላሉ ስሌት ግን ጉድጓዱን የሚዞረው የጋዝ ዲስክ እንዲህ ለመለወጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉት ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ እንቆቅልሽ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በዓይን አይሆንም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ካገኘህ 3ሲ 273 የሚባለውን ደማቅ የጋላክሲ እምብርት በሚያዝያና በግንቦት ማታ ሰንቡላ (ቪርጎ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ፈልገው። ደብዛዛ ኮከብ ነው የሚመስለው፣ ብርሃኑ ግን ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። ጋቢ ያዝ፣ የጦሳ ብርድ አይቻልም።